መቀርቀሪያው በየት በኩል ነበር?

አዲስ የታሪክ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እኔ የምከፍተው ከኋላው ነው። የኔ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጅማ ውስጥ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ደንበኛው ይገባል፣ ወፍራሙን መጽሐፍ ያነሳል፣ ሽፋኑን በቅጡ ሳያይ ይገለብጥና የስም ማውጫው ላይ ጣቱን እየጎተተ የአያቱን ስም ይፈልጋል። ካገኘ ይገዛል። ካጣ «የኛ ሰፈር የሌለበት ምን የአገር ታሪክ ነው ይሄ!» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። የምሠራበት መደብር ባለቤት ጋሽ ተክሌ «እኛ የምንሸጠው መጽሐፍ አይደለም፣ ማውጫ ነው» ይላሉ።

የምነግራችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ርዕሱን አልጠራውም፤ ነጻ ማስታወቂያ አልሠራለትም።

ነኢማ እባላለሁ። ነገሩ የሆነው አምና ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ግን አልመጣልኝም። ጊንጆ ሰፈር ያለው የጋሽ ተክሌ መደብር ውስጥ መጽሐፍ እሸጣለሁ። ከኪቶ ፉርዲሳ የሚመጡት የካምፓስ ልጆች የፖለቲካ መጽሐፍ ቆመው አንብበው ጨርሰው «ሐሳቡ ደካማ ነው» እያሉ ሳይገዙ ሲወጡ በራፍ ድረስ እየተከተልኩ የምሰድብ እኔ ነኝ። ጋሽ ተክሌ በወር ሁለት ጊዜ ያባርሩኛል፣ በማግስቱ «ለምን አረፈድሽ?» ብለው ይቆጡኛል። እንደዚያ ነበር የምንኖረው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ካርቶኖቹ መጡ። መጽሐፉ የአገሪቱን ፖለቲካ፣ ታሪክና የሕዝቡን ኑሮ ከቡና ጋር አያይዞ የሚተርክ ነው። የጻፉት ዶክተር ወንድወሰን የሚባሉ አስተማሪ ናቸው፤ ለዓመታት በየቡና ከተማው እየዞሩ ሰው ሲያነጋግሩ እንደነበር ሰምተናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምረቃው እኛው ከተማ ይደረጋል። አዳራሹን የተከራዩት ጋሽ ተክሌ ናቸው። የክብር እንግዳው ደግሞ ጅሬን የሚኖሩት ኦቦ ጀማል ናቸው። ኦቦ ጀማልን የማያውቅ የለም፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ከፊት የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። የኛን የአጥር ጠብ ሳይቀር ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ለእርቁ ቤታችን የመጡ ዕለት እናቴ «ራሴን አመመኝ» ብላ ከጓዳ አልወጣችም ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ካርቶኑን ቀድጄ የመጀመሪያውን ቅጂ አወጣሁና ማውጫውን ከፈትኩ። እንደማንም ሰው የአያቴን ስም ፈለግሁ። የለም። ልዘጋው ስል ዓይኔ «መ» ላይ አረፈ።

መዲና አባ ጊዲ፣ 217።

እናቴ ናት! ስሟን መጻፍ የማትችል፣ መታወቂያዋ ላይ በጣቷ የፈረመች እናቴ!

ገጹን ገልጬ ማንበብ ነበረብኝ። አላነበብኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ማውጫ አይቶ በሚገዛ ሰው ስስቅ ኖሬ እኔም ማውጫ አይቼ ጮኽኩ።

«ጋሽ ተክሌ! እናቴ መጽሐፉ ላይ አለች!»

«የቷ እናትሽ?»

«ስንት እናት አለኝ?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ማውጫውን አዩ። «አጃኢብ ነው!» አሉ። «በይ ውሰጂና አሳያት። ገጹን እንዳታጥፊብኝ፤ ቅባት ያለበት እጅም እንዳይነካው።»

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። እናቴ ግቢ ውስጥ ከሦስት ጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጣ የተቀደደ የቡና ጆንያ ትሰፋለች፤ ሥራዋ እሱ ነው። መጽሐፉን ከጭንቅላቴ በላይ ከፍ አድርጌ ገባሁ።

«እናንተ ሴቶች፣ ተነሱ! ከዛሬ ጀምሮ መዲናን ተቀምጦ ማናገር ቀረ! መጽሐፍ ላይ ወጥታለች!»

«ምን አድርጋ?» አለች አንዷ እየሳቀች። «የጆንያ መርፌ ውጣ?»

«እሰይ፣ አንብቢልን!» አለች ሌላዋ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ። «የምን መጽሐፍ?» ብቻ አለች።

217ን ገለጥኩ፤ እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን ሞርጄ ጀመርኩ። አጋሮ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የቡና መጋዘን፣ በደርግ መጨረሻ ገደማ፣ ብልሹውን ቡና ከደህናው የሚለዩ ለቃሚ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ የሚደረግባቸውን የአካል ፍተሻ ተቃውመው ሥራ አቆሙ ይላል። ሴቶቹ እጃቸውን ከጆንያው አነሱ።

«መዲና! ይሄን ሠርተሽ ነው ዝም ያልሽን?» አለች አንዷ ጎረቤት።

ቀጠልኩ። ወጣቱ ተቆጣጣሪ ጀማል ከሴቶቹ ጎን ቆሙ፤ የመጋዘኑን በር ከውስጥ ቀርቅረው፣ ከጠዋት እስከ ማምሻ አብረዋቸው ተቀምጠው ከጥበቃዎቹ ዱላ አዳኗቸው ይላል። የእናቴ መርፌ ቆመ። ማየት ነበረብኝ። አላየሁም፤ ድምፄ ጥሞኝ ነበር።

«ይሁን እንጂ ከሠራተኞቹ ጥቂቶቹ በግርግሩ ተጠቅመው ቡና ሲሰርቁ በመገኘታቸው ከሥራ ተሰናብተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ዘይነባ አባ ረጋ፣ መዲና አባ ጊዲ...»

አፌ የቆመው ስሟን ከጠራ በኋላ ነው።

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። በገዛ አፌ፣ በዜና አንባቢ ድምፅ፣ እናቴን በጎረቤት ፊት ሌባ አልኳት።

«እንግዲህ...» አለች አንዷ ጎረቤት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «የልጅነት ነገር ነው። አላህ ይቅር ባይ ነው።»

ይሄ ከመጽሐፉ የባሰ ነበር። አንድ በአንድ ምክንያት እየፈጠሩ ወጡ። ጆንያው እንደተዘረጋ ቀረ።

«እማዬ፣ ወላሂ አላነበብኩትም ነበር...»

«ከውስጥ ነው ያለው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በሩን። ከውስጥ ቀረቀረው ነው የሚለው?»

«አዎ።»

ሳቀች። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ያ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ ኖሮት አያውቅም» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። የለቀማ መጋዘን በር ውስጥ ያለ ሰው የሚዘጋው በር አይደለም። ለቃሚዎቹ ገና ሲገቡ በሌባ ዓይን ነው የሚታዩት፤ ስለዚህ በሥራ ሰዓት ከውጭ ይቀረቀርባቸዋል። ሲወጡ ደግሞ ወንድ ጥበቃዎች ይፈትሿቸዋል፤ ጡታቸው ሥር ሳይቀር። አንድ ቀን ጠዋት ዘይነባ ወንፊቷን ደፍታ «ዛሬ ጣቴን አላነሳም» አለች። አጠገቧ ያለችው እናቴም ደፋች። ከዚያ መስመሩ ሁሉ ተከታትሎ ደፋ። ጀማል መጥቶ በበሩ ስንጥቅ አያቸውና «ፍተሻ ካልወደዳችሁ እዚያው ክረሙ» ብሎ ሄደ።

«ውሃ የለ፣ ምን የለ» አለች እናቴ። «የቡናው አቧራ ጉሮሯችንን አንቆን እኔና ዘይነባ በመስፈሪያው ጣሳ በሩን ስንደበድብ ዋልን። ለበሩ የቀረብነው እኛ ነን። ሲመሽ ከፈተና ምን አለ? ቡና ጎድሏል አለ። የሁለታችንን ስም ጠራ። ሌሎቹ ፈርተው በማግስቱ ወደ ሥራቸው ገቡ። እኔ አጋሮ ውስጥ መሄጃ አጣሁ፤ ልጆች ሳይቀሩ ‹ቡና ሌባ› እያሉ ይከተሉኝ ጀመር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልብሴን ጠቅልዬ ወደዚህ መጣሁ። ጀማልም ኋላ እዚሁ መጥቶ ሽማግሌ ሆነ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተይው፣ ነኢማ። አንድ ሰፈር ነው የሰማው። ያልፋል» አለችኝ።

«አንድ ሰፈር አይደለም፤ ቅዳሜ ከተማው በሙሉ ይገዛዋል። የምሸጠው ደግሞ እኔ ነኝ! ያ በር አሁንም አለ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

አላውቅም አለች እንጂ አትሂጂ አላለችኝም።

ዓርብ ጠዋት ለጋሽ ተክሌ አጋሮ እንደምሄድ ነገርኳቸው። ምን እንደተጻፈም አሳየኋቸው። አንብበው ረጅም ጊዜ ጢማቸውን አሹ።

«መጥፎ ነው» አሉ። «ግን ነኢማ፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል። ኦቦ ጀማል ተጠርተዋል። ከምረቃው በኋላ ለዶክተሩ በጨዋ ደንብ ደብዳቤ ብንጽፍላቸውስ?»

«ሌባ ያሏት በደብዳቤ ነው? በመጽሐፍ ነው እኮ!»

«ዛሬ ብትሄጂ የቅዳሜውን ካርቶን የሚፈታ የለም። ከሄድሽ አትመለሺ!»

«በወር ሁለት ጊዜ ነው የሚያባርሩኝ፤ የዚህን ወር ጨርሰዋል» ብዬ ወጣሁ።

አጋሮ ደርሼ ገበያው ውስጥ «ዘይነባ አባ ረጋ» እያልኩ ጠየቅሁ። ሁለት ሰው አላውቅም አለኝ፤ ሦስተኛው «ሽንኩርት የምትሸጠዋን ነው? ተጠንቀቂ፣ ትናከሳለች» ብሎ አሳየኝ። ወፍራም ናት፤ ድንጋይ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች።

«አዴ ዘይነባ ነዎት?»

«ሽንኩርት ካልገዛሽ አይደለሁም።»

«የመዲና ልጅ ነኝ። የመዲና አባ ጊዲ።»

እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት አስቀመጠች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ እጇ ሽንኩርት ስለሸተተ ይሁን በሌላ፣ ዓይኔ አነባ። «ሱብሃነላህ» አለች። «አገጯ ነው። አለች? በሕይወት አለች?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሌብነቱ ስነግራት አልተገረመችም፤ እሷ እዚያው ከተማ ውስጥ ስድቡን ታግሳ፣ የሰደባትን እየሰደበች ኖራለች። በሩን ጀማል ከውስጥ ቀረቀረው ተብሎ መጻፉን ስነግራት ግን ከድንጋይዋ ላይ ተነሳች።

«ከውስጥ? ጀማል? ነይ ተከተይኝ!»

ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወሰደችኝ። መጋዘኑ አሁን ሲሚንቶ ነው የሚቀመጥበት። በረኛው «ያለ ፈቃድ አይገባም» አለ።

«አንተ! እናትህ አንተን ስትወልድ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ፤ ፈቃድ ትለኛለህ?» አለችው።

በረኛው አንገቱን ደፋ። «ማሎ፣ አዴ ዘይነባ፣ ቶሎ በሉ» ብሎ እየለመነ ከፈተልን። በሩ ተቀይሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አባቴም እዚሁ ዘበኛ ነበር፤ ይሄው በር ነው» አለኝ።

በሩ ወፍራም ጣውላ ነው። በውጭ በኩል ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ አለው፤ ሲገፋና ሲሳብ ኖሮ ጣውላውን ቦርቡሮታል። ገብቼ ከኋላው ቆምኩ። በውስጥ በኩል ምንም የለም። የምስማር ቀዳዳ እንኳ የለም። ከደረቴ ዝቅ ብሎ ግን ጣውላው ላይ የጨረቃ ግማሽ የሚመስሉ ጠባሳዎች ተደራርበው አየሁ፤ ብዙ ናቸው። የጣሳ አፍ ነው።

አዴ ዘይነባ መዳፏን አሳረፈችበት። «ከፍ ያለው የኔ ነው» አለች። «ይሄ ዝቅ ያለው የእናትሽ። አጭር ነበረች እኮ።»

በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ ውጩንም ውስጡንም፣ ጠባሳዎቹንም። እንዳይደበዝዝ ሦስት አራት ጊዜ ደገምኩት።

«ነገ ጅማ ይመጣሉ?» አልኳት።

«ነገ ገበያ ነው» አለች። «ሽንኩርት ይበስብስ እንጂ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የካምፓስ ልጆች፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች። ጋሽ ተክሌ ሲያዩኝ «ተባርረሽ የለ እንዴ?» አሉኝ፤ ከዚያ በመጽሐፉ ጠረጴዛ ጀርባ አቆሙኝ። «በአላህ፣ በማርያም፣ በምታምኚው ሁሉ፣ ዛሬ ዝም በይ» አሉ። እናቴ ጠዋት «እኔ አልሄድም» ብላ መርፌዋን ይዛ ቀርታለች። አዴ ዘይነባንም አላየኋትም።

ዶክተሩ ቀጭን፣ ትሑት የሚመስሉ ሰው ናቸው። ታሪክ የሚጻፈው ከትልልቆቹ ቤት ብቻ አይደለም፣ ከመጋዘኑም ከማሳውም ነው አሉ። ተጨበጨበላቸው። ኦቦ ጀማል ነጭ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። የክብር ቅጂ ሲሰጣቸው አዳራሹ ብድግ አለ። እኔ አልተነሳሁም፤ የቆምኩ ስለነበርኩ ግን ማንም አላወቀልኝም።

ጥያቄና አስተያየት ሲደርስ እጄን አወጣሁ። መድረክ መሪው አለፈኝ። ደግሜ አወጣሁ፣ ደግሞ አለፈኝ። ሦስተኛው ላይ ሳይፈቀድልኝ ተናገርኩ።

«ጥያቄ አለኝ!»

«የሽያጭ ክፍላችን ነች» አለ መድረክ መሪው እየሳቀ። «እህቴ፣ ስለ ዋጋ ከሆነ በኋላ...» አዳራሹ ሳቀ።

«ስለ በር ነው» አልኩ። «ኦቦ ጀማል፣ እድሜ ይስጥዎት። መጽሐፉ ገጽ 217 ላይ መጋዘኑን ከሴቶቹ ጋር ሆነው ቀረቀሩት ይላል። መቀርቀሪያው በየት በኩል ነበር?»

ፈገግ አሉ። የልጅ ጥያቄ መስሏቸው ነው። «ከውስጥ ነዋ፣ ልጄ። በዚህ እጄ ነው የቀረቀርኩት። ይሄን የሚያህል ብረት ነበር» ብለው ክንዳቸውን አሳዩ። ተጨበጨበ።

«ትናንት አጋሮ ሄጄ አይቼዋለሁ» አልኩ፤ ጠረጴዛውን ትቼ ወደ ፊት እየሄድኩ። ጋሽ ተክሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ብረቱ አለ፤ ክንድዎን ያህላል፣ ልክ ነዎት። ግን ያለው በውጭ ነው። ውስጡ የምስማር ቀዳዳ እንኳ የለውም።» ስልኬን ለዶክተሩ ሰጠኋቸው።

ዶክተሩ ፎቶውን አሰፉት፣ አጠበቡት። ፊታቸው ተለወጠ።

«በሩ ተቀይሮ ይሆናላ» አሉ ኦቦ ጀማል። «ስንት ዘመን አለፈ እኮ! አንቺ ገና አልተወለድሽም። ማን ነው ይሄን ያስተማረሽ?»

«እኔ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

አዴ ዘይነባ ናት። የገበያ ልብሷን ለብሳለች። በእጇ ደግሞ እናቴን ይዛለች፤ ይዛለች ስል፣ በነገርኳት ሰፈር ጠይቃ ከቤት እየጎተተች ነው ያመጣቻት።

«ጀማል! ታውቀኛለህ? ያኔ ጢም አልነበረህም፤ ውሸት ግን ነበረህ!»

አዳራሹ ተንጫጫ። መድረክ መሪው «እናቶች፣ በሥርዓት፣ በሥርዓት» ይላል። ኦቦ ጀማል ተነስተው «እነዚህ እኮ ያኔም በስርቆት...» ሲሉ እናቴ እጇን ከአዴ ዘይነባ አስለቀቀች።

እናቴ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ዕድር ላይ እንኳ አንገቷን ነው የምትነቀንቀው። አሁንም አልጮኸችም፤ አዳራሹ ሊሰማት ስለፈለገ ነው ጸጥ ያለው።

«አልሰረቅሁም» አለች። «በሩን ስለደበደብኩ ነው ስሜን የጠራኸው።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ሰውየው ብረቱን ያስታውሳል፤ እውነቱን ነው። ብረቱ ያለው እሱ በቆመበት በኩል ነበር። እኛ ብረቱን አይተነው አናውቅም። እኛ የምናውቀው ጣውላውን ነው።»

ዶክተሩ ማይኩን ይዘው ከመድረክ ወረዱ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «እዚያ እንደነበሩ የሚያስረዳ ሌላ ሰው፣ ወይም ወረቀት...»

«ወረቀት የለኝም» አለች እናቴ። «መስመሩን ልንገርህ።»

መስመር ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለቃሚ ሴት ዓመቱን ሙሉ ቦታ አትቀይርም፤ ክምሯ ተበላሽቶ ቢገኝ የማን እንደሆነ በመቀመጫዋ ነው የሚታወቀው። ከጠዋት እስከ ማታ ግራና ቀኝሽ ያሉት እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ ያማሉ፣ ያረግዛሉ፣ ሐዘን ይቀመጣሉ፣ ተመልሰው እዚያው ይቀመጣሉ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ከበሩ ጀመረች።

«ዘይነባ። እኔ። ከእኔ ቀጥሎ ሎሚ።»

«ከሎሚ ቀጥሎ ከድጃ» አለች አዴ ዘይነባ።

«ትልቋ ፋጡማ።»

«ትንሿ ፋጡማ። ጥርሷ የተሰበረው።»

«አስካለ። አንካሳዋ አስካለ፣ ስትለቅም የምታንጎራጉረው...»

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ተነሳ። ከረባት አድርጓል፤ መምህር እንደሆነ በኋላ አወቅሁ። 

«አስካለ እናቴ ናት» አለ። «በር ተቆልፎባቸው ስለዋሉበት ቀን እየነገረችኝ ነው የሞተችው። እኔ... ቃዥታ ነው ብዬ ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች ዞረው አዩት። «ዓይኑን እይ» አለች አዴ ዘይነባ። «ቁርጥ እሷን አይደል?» ከዚያ ቀጠሉ። እስከ መስመሩ መጨረሻ ድረስ፣ አንዷ ስታቆም ሌላዋ እየተቀበለች፣ አንድም ቦታ ሳይሳሳቱ።

ሲጨርሱ ሁሉም ሰው ኦቦ ጀማልን አየ። የክብር ቅጂው ጉልበታቸው ላይ ነው። እሱን እያዩ «ከላይ ታዝዤ ነው» አሉ። አልተሰደቡም፣ አልተባረሩም፤ ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ተነስተው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ አዴ ዘይነባ «ቀስ ብለህ ዝጋው» አለቻቸው።

ዶክተሩ እናቴ ፊት ቆመው ነበር። «ለምን ሳላገኛችሁ ቀረሁ?» አሉ፤ ለራሳቸው ይመስላል።

«አልጠየቅኸኝማ» አለች እናቴ። «ጅማ ውስጥ ነው ያለሁት። ጆንያ እሰፋለሁ።»

«በሁለተኛው እትም አስተካክለዋለሁ። ቃሌ ነው።»

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ ረክቶ ወደ ሻይው ሊሄድ የነበረው። ዶክተሩ ይቅርታ ጠየቁ፣ እናቴ ተናገረች፣ በቃ! እኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ካርቶኖች አየሁ። ሁለተኛው እትም መቼ ይመጣል? እስከዚያ በዚህ ካርቶን ውስጥ ያለችው እናቴ ሌባ ናት።

«ዶክተር፣ የመጀመሪያውን እትም የሚሸጠው ማን ነው?» አልኳቸው። «እኔ እንደዚህ አልሸጥም።»

«ነኢማ!» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«አልሸጥም ጋሽ ተክሌ። ማባረርዎን አሁን ማባረር ይችላሉ።»

ዶክተሩ ካርቶኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ምን ተብሎ እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

ወረቀት ቆርጠን በየቅጂው 217 ላይ የሚገባ ማረሚያ ልንጽፍ ተስማማን፤ ጽሑፉን እኔ እጽፋለሁ፣ ስህተቱ የሳቸው መሆኑን እሳቸው በፊርማቸው ያረጋግጣሉ። እሑድ ጠዋት ተሳፍረው ከመሄዳቸው በፊት መደብሩ ድረስ መጥተው ባዶው ወረቀት ላይ ሁሉ ከታች ፈረሙ። ላዩን ለኔ ተዉልኝ። ይሄን እመሰክርላቸዋለሁ፦ አልተከራከሩም፣ አምነውኝ ፈረሙ።

ጋሽ ተክሌ ሰኞ ዕለት እውነተኛውን ማባረር አባረሩኝ። አልፈርድባቸውም፤ የኦቦ ጀማል ወገኖች መጥተው ተቆጥተዋል፣ ሱቁ የኪራይ ነው። ሲሰናበቱኝ ግን ካርቶኖቹን በሙሉ ሰጡኝ። «ሸጠሽ ትመልሺልኛለሽ» አሉ፤ ወደ ሌላ በኩል እያዩ። ዛሬ በኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በር አቅራቢያ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቼ ለራሴ መጽሐፍ እሸጣለሁ። ቆመው የሚያነቡትን አሁንም እሰድባለሁ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ደብተር ይዤ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ እሄዳለሁ፤ ቡና ይለቅሙ የነበሩ ሴቶችን ፈልጌ መስመራቸውን እጽፋለሁ። ማን አዘዘሽ የሚሉኝ አሉ። ማንም።

እናንተ አንባቢዎች ሆይ፣ የአገራችን ፖለቲካና ታሪክ የሚባለውን ወፍራም መጽሐፍ ስትገዙ እንደኔ ማውጫውን አይታችሁ እልል አትበሉ። የስማችሁን መኖር ብቻ ሳይሆን ስማችሁን ማን እንደጠራው ጠይቁ። ከበሩ በየት በኩል ቆሞ ነበር በሉ። ዶክተርን አትፍሩ፣ ሽማግሌንም አትፍሩ፤ የሚያውቀው ሰው ጆንያ እየሰፋ፣ ሽንኩርት እየሸጠ አጠገባችሁ አለና ሂዱና ጠይቁት። መጽሐፍ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ የሰው እጅ ያበላሸውን የሰው እጅ ያስተካክለዋል። እኔ በመቀስና በብዕር አስተካክዬዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ።

ማረሚያዎቹን ሁለት ቀን ሙሉ በእጄ ጽፌ ጨረስኩ። ሁሉም ላይ «መዲና አባ ጊዲና ዘይነባ አባ ረጋ ምንም አልሰረቁም፤ የተባረሩት ከውጭ የተቀረቀረባቸውን በር ስለደበደቡ ነው» ብያለሁ። ከዚያ እነዚያኑ ሦስት ጎረቤቶች ጠራሁ፤ እምቢ ያለችውን ቤቷ ድረስ ሄጄ አመጣኋት። ግቢው ውስጥ፣ ጆንያው ላይ አስቀምጬ፣ በዚያው በዜና አንባቢ ድምፅ አነበብኩላቸው። ያቺ «የልጅነት ነገር ነው» ያለችው ጎረቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ እናቴን ነበር የማየው።

እናቴ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች።

«ልክ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ዘይነባ ትቅደም። ለበሩ የቀረበችው እሷ ናት።»

«እማዬ! ሁሉንም ጽፌ ጨርሻለሁ እኮ! ዶክተሩም ፈርመውባቸዋል...»

«መስመር መስመር ነው» አለች።

የእናቴን ስም በአግድም እየሰረዝኩ፣ ከዘይነባ በኋላ እንደገና ጻፍኩት። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ። ከኔ የገዛ ሰው ስርዙን ያየዋል።